ዱዓው ሳያልቅ የተንቀሳቀሰችው መኪና

ይህን ታሪክ ከዘመዶቼ መካከል የማያውቅ የለም። እነሱ የሚያውቁት ግን እኔ እንደማውቀው አይደለም። አንባቢዎቼ መኪና የምትነዱም፣ የምትሳፈሩም፣ መኪና ባለው ዘመድ የምትኮሩም ትሆናላችሁና ታሪኩን እኔ እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ሂክማ እባላለሁ። ወልቂጤ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ቡታጅራ ነው። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገችኝ እናቴ ዘይነባ ናት፤ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። እኔ ሰው እንዳይቀየመኝ በጣም የምጠነቀቅ ልጅ ነበርኩ። ጎረቤት "አንድ ጀሪካን ውሃ አምጪልኝ" ሲለኝ ሁለት ይዤ እመጣለሁ። በዶርም ውስጥ የማንም ተራ ቢሆን የምጠርገው እኔ ነኝ። እማ "ሂክሚ፣ ሰው ሁሉ እንዲወድሽ ማድረግ አትችይም" ትለኝ ነበር። እኔ ግን ትንሽ ብጥር የሚቻል ይመስለኝ ነበር።

ለአረፋ ዋዜማ አጎቴ ከድር ከአዲስ አበባ መጣ። አጎቴ የእማ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እማ ናት። ገና ልጅ ሳለ መርካቶ ገብቶ ዛሬ የጨርቃጨርቅ ነጋዴ ሆኗል። በእኛ አካባቢ አረፋ ማለት ከቤት የወጣ ሁሉ የሚመለስበት ጊዜ ነው፤ የተመለሰው ሰውም በምን እንደተመለሰ ይታያል። አጎቴ እስካለፈው ዓመት ድረስ የሚመጣው በአሮጌ መኪናው፣ ማርሹን እየታገለ፣ የእጅ ፍሬኑን እስኪያንቋርር ድረስ እየጎተተ ነበር። በዚህኛው አረፋ ግን አዲስ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣ።

በራችን ላይ ሲቆም አልሰማነውም። እማ ድንገት በመስኮት አየችና "ያ አላህ! ይሄ ደግሞ መቼ ደረሰ?" አለች።

አጎቴ እየሳቀ ወረደ። "ሰማሽኝ እትዬ? አትሰሚም! ድምፅ የለውም እኮ። በባትሪ ነው፤ እንደ ስልክ ሰክተሽ ታሳድሪዋለሽ።"

"እንደ ስልክ ከሆነማ መንገድ ላይ ሲዘጋብህ ቻርጀር ፍለጋ በየሰው ቤት ልትዞር ነው" አለችው። ለማየት የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሳቁ።

ጎረቤት ሁሉ ኮፈኑን እየዳሰሰ "ማሻአላህ" ካለ በኋላ አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። "ነይ አንቺ ኢንጂነር! ይሄ ስክሪን ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ነው። በዚያ ስልክሽ እያነሳሽ ተርጉሚልኝማ።"

ደስ አለኝ። እንደዚያ ያለ ሰው ከእኔ አንድ ነገር ሲፈልግ ደስ የማይለኝ ልጅ አልነበርኩም። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን ምልክት በስልኬ እያነሳሁ ተረጎምኩ፤ አንዳንዱን ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አነበብኩ። አጎቴ የሾፌሩ በር ላይ ተደግፎ ይሰማኛል።

"አጎቴ፣ ይቺ አረንጓዴ መብራት ስትበራ ፍሬኑን ባትረግጠውም መኪናው ራሱ ይዞልሃል ማለት ነው። ግን ለጊዜው ነው፤ መብራት ላይ ወይም ዳገት ላይ ትንሽ ስትቆም የሚረዳህ ነው። ልትወርድ ስትል ግን ይሄን ፒ የሚለውን ትጫናለህ፤ ቀጥሎ ይቺን ወደ ላይ ትስባታለህ። የእጅ ፍሬኑ እሷ ናት።"

"የቷ? ይቺ?" አጎቴ ጎንበስ ብሎ በአንድ ጣቱ ነካት። "ተይ እንጂ! የእጅ ፍሬን በክንድ ነው የሚጎተተው። ይቺ የአምፖል ማብሪያ ናት።"

"ወላሂ እሷ ናት።"

"እኔ ፎሌ አድርጌ ነው የማቆመው። እስካሁን መች ጥሎኝ ሄደ?"

ፎሌ የሚሉት ሾፌሮች ማርሽ ሳይገባ ሲቀር ነው፤ በዚህ መኪና ላይ ኤን የሚለው ፊደል ማለት ነው። አጎቴ የሚያቆመው ሱቁ በር ላይ፣ ሜዳ ላይ ስለሆነ መኪናው የሚሄድበት ምክንያት አልነበረውም።

ከሾፌሩ ወንበር ጎን፣ የቀበቶው መሰኪያ ውስጥ፣ ቀበቶ የሌለው ባዶ የብረት ምላስ ተሰክቶ አየሁ። "ይሄስ?" አልኩት።

"እሱ የጩኸት መድኃኒት ነው! ቀበቶ ካላሰርክ ጲጵ ጲጵ እያለ ያደነቁርሃል፤ ጭቅጭቁ ከሚስት ይብሳል። ይቺን ሲሰኩበት ዝም ይላል።"

"ግን አጎቴ፣ ቀበቶ ፈተህ በሩን ስትከፍት ሾፌሩ ወረደ ብሎ ራሱ የእጅ ፍሬኑን ይይዛል ይላል እዚህ። ይቺ ከተሰካች ግን ሁልጊዜ ታስረህ የተቀመጥክ ይመስለዋል።"

አጎቴ ጎረቤቶቹን እያየ እጁን ወደ ላይ አነሳ። "ጎበዝ፣ መንጃ ፈቃድ እንደገና ልታስፈትነኝ ነው! ዩኒቨርሲቲ ገብታ አንድ ዓመት ሳይሞላት እንዲህ ከሆነች ስትመረቅማ አውሮፕላን ታሳርፋለች።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩን ነግሬዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ደጋግሜ ብነግረው ሰው ፊት ማዋረድ ይሆንብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ትውልድ መንደራቸው ተነሳን። ዕለቱ የሴቶች አረፋ የምንለው የበዓሉ ዋዜማ ስለነበር እማ ጎመንና አይቤ አዘጋጅታለች። የአይቤው ባልዲ እንዳይደፋ እኔ ጭኔ ላይ ያዝኩት። ስክሪኑን እንዳነብለትም አጎቴ ከፊት አስቀመጠኝ፤ እማ ከኋላ ተቀመጠች። ከቡታጅራ ወጥተን፣ አስፋልቱን ለቀን፣ ወደ ዘቢዳር ተራራ ግርጌ የሚወጣውን ኮረኮንች ያዝን። በግራና በቀኝ የእንሰት ማሳ ነው። እማ የልጅነት ወሬ እያነሳች አጎቴን ታሾፍበታለች።

"እዚህ ጋ ከአህያ ወድቀህ ሱሪህ የተቀደደብህ ትዝ ይልሃል?"

"እትዬ፣ ልጅቷ ፊት!"

"ትስማ እንጂ! ባለ ነጭ መኪናው በምን እንደጀመረ ትወቅ።"

የመንደሩ መስጊድ ከዳገቱ በላይ ነው። መንደሩ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግደው የሚመለሱ ሰዎች ከላይ ሲወርዱ አየን። ከፊት ሸህ ነስሩ ነበሩ። ሸህ ነስሩ እማንና አጎቴን ቁርአን ያስተማሩ፣ መንደሩ ሁሉ የሚፈራቸውና የሚወዳቸው ሽማግሌ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ተቀምጦ ሰላም አይልም። ድሮ በቅሎ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ገና ከሩቅ ሲያይ ወርዶ ነበር የሚጠብቀው። ዛሬም መኪና ይዞ የመጣ ልጅ መስኮት ዝቅ አድርጎ "አሰላሙ አለይኩም" ቢል ከተማ ገብቶ ነውር ረሳ ይባላል። ቶሎ መውረድ አክብሮት ነው፤ መዘግየት ንቀት ነው። አጎቴ ደግሞ መንደሩ ሁሉ በሚያየው አዲስ መኪና በመጣበት ዕለት የናቀ መስሎ መታየት አልፈለገም።

ዳገቱ መሃል ፍሬን ረገጠ። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ማርሹን ኤን ላይ አደረገው። በሩን ከፍቶ፣ ነጠላ ጫማውን እንኳ በደንብ ሳያጠልቅ፣ እየሮጠ ወደ ላይ ሄደ። እማም ወረደች። ወንዶች በተሰበሰቡበት ሴት ወደ መሃል አትገባምና ሻሿን አስተካክላ ከመኪናው ኋላ ሄዳ ቆመች። ከጀርባዋ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት፣ የሰው ግቢ የድንጋይ ካብ ነበር።

እኔ ባልዲውን የማስቀምጥበት አጥቼ ዘገየሁ። ከፊት፣ በመስታወቱ፣ አጎቴ ጎንበስ ብሎ የሸህ ነስሩን እጅ ሲስም አየሁ። ሸህ ነስሩ እጃቸውን አነሱ፤ ዱዓ ጀመሩ። ወንዶቹ ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ። በጎን መስታወት እማን አየኋት፤ እሷም መዳፎቿን ዘርግታ፣ ዓይኗን ወደ መሬት ደፍታ "አሚን" ትላለች።

ከዚያ ስክሪኑን አየሁ። ኤን ይላል። አረንጓዴዋ መብራት አለች።

"አጎቴ!" አልኩ።

ከሰዎቹ አንዱ ፊቱን አጨፍግጎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በዱዓ መሃል አይጮህም። ልጮህ አፌን ከፍቼ እንደገና ዘጋሁት፤ ለሁለተኛ ጊዜ ለመጮህ ስዘጋጅ መብራቷ ጠፋች።

ድምፅ አልነበረም። ምንም። የሚያንኮራፋ ሞተር ቢሆን፣ የሚንቋቋ ማርሽ ቢሆን እማ ዞር ትል ነበር። ከመስታወቱ ውጭ ያለው እንሰት ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሲሄድ አየሁ፤ ወደ ኋላ የምንሄደው እኛ ነበርን።

"እማ!" ብዬ ጮህኩ። ባልዲውን ለቀቅኩት፤ አይቤው እግሬ ስር ፈሰሰ። በሾፌሩ ወንበር ላይ በሆዴ ተጋደምኩና ያችን ትንሽ ማብሪያ ወደ ላይ ሳብኳት፤ ሳልለቅ ያዝኳት። መኪናው ተንገጫግጮ ቆመ። ነገር ግን ከመቆሙ በፊት የኋላው መከላከያ ካቡን መትቶ ነበር። በካቡና በመከላከያው መካከል የእማ እግር ነበር።

እማ አልጮኸችም። "ወይ ልጄ" ብቻ አለች፤ እኔ የተጎዳሁ መስሏት።

ሰዎቹ ሮጠው ሲደርሱ ያዩት ይህን ነው፦ መኪናው ውስጥ አንዲት ልጅ ብቻ አለች፤ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተጋድማለች፤ እጇ የመኪናው መቆጣጠሪያ ላይ ነው።

"ምኑን ነው የነካሽው?" አለ አንዱ።

"ልጅቷ ነካክታ ነው!" አለ ሌላው።

አጎቴን አየሁት። ፊቱ ዓመድ መስሏል። የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁ።

እኔ ፍሬኑን ስለቅ መኪናውን ወደ ላይ ገፍተው እማን አወጧት። ከጉልበቷ በታች ያለው እግሯ መሆን በማይገባው አቅጣጫ ዞሯል። እዚያው መኪና ውስጥ አስገብተን ወደ ቡታጅራ ተመለስን። እኔ ከኋላ የእማን ጭንቅላት ታቅፌያለሁ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥርሷን ስትነክስ ይሰማኛል፤ መኪናው ዝም ስለሚል ሁሉም ነገር ይሰማል።

"አጎቴ" አልኩት፣ "ኤን ላይ ነበር እኮ።"

"ሂክማ፣ አሁን አይደለም።"

እውነቱን ነው አልኩ በልቤ፤ አሁን አይደለም። ሆስፒታል ስንደርስ ይናገራል።

ሆስፒታል ደረስን። የተቀበለችን ነርስ "ምን ሆና ነው?" ብላ ጠየቀች። አጎቴ ግንባሩን በመሃረብ እየጠረገ "መኪና ነው። ልጅቷ ውስጥ ተቀምጣ ሳታውቅ ነካካችው" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ፣ እንደሚያዝንልኝ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ልጅ ናት፤ አትፍረዱባት" አለ።

"አይደለም" አልኩ። ነርሷ ግን አልሰማችኝም፤ አልጋውን እየገፋች ገብታለች።

በኮሪደሩ ላይ ሁለታችን ብቻችንን ቀረን። "አጎቴ፣ ለምን እንዲህ አልክ?" አልኩት።

መሃረቡን ኪሱ ከተተ። "መንደሩ አይቶኛል ሂክማ። ሸህ ነስሩ አይተውኛል። በጀርባዋ ባዘለችኝ እህቴ ላይ መኪና ለቅቄ ሄድኩ እንድል ነው የምትፈልጊው?"

"የሆነው እሱ ነው።"

"አንቺን ማንም ምንም አይልሽም። ሴት ነሽ፤ ልጅ ነሽ፤ መኪና አታውቂም። በአንቺ ይታለፋል።"

መኪና አታውቂም። ጠዋት ኢንጂነር ያለኝ ሰው ነው።

እማ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት አጥንቷ በብረት ተያያዘ። አረፋን ሆስፒታል አሳለፍነው። ዘመድ እየመጣ እማን "የአላህ ቀደር፣ የአላህ ውሳኔ ነው" ይላታል፤ እኔን ደግሞ ሲያየኝ አንገቱን ይነቀንቃል። አንዲት አክስት በጆሮዬ "ከእንግዲህ የማታውቂውን ዕቃ አትንኪ እሺ?" አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ለሰው "እሺ" ማለት ምላሴ ለምዶታልና ነው።

እማ ቤት ከገባች በኋላ ሸህ ነስሩና ጥቂት ሽማግሌዎች ሊጠይቋት መጡ። አጎቴም ነበር። ሸህ ነስሩ ዱዓ ካደረጉ በኋላ "በቤተሰብ መካከል ቅሬታ አይደር። ሂክማ፣ እናትሽንና አጎትሽን አፉ በሉኝ በያቸው፤ ነገሩ በዚህ ይለቅ" አሉ። አፉ በሉኝ ማለት ይቅር በሉኝ ማለት ነው።

ተነሳሁ። "ሸሁ፣ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ግን እኔ የነካሁት መኪናው መሄድ ከጀመረ በኋላ፣ ለማቆም ነው። አጎቴ ሲወርድ የማቆሚያውን ፍሬን አልያዘም። ቀበቶውም ባዶ ብረት ተሰክቶበት ስለነበር መኪናው ሰው የተቀመጠ መስሎታል። ለትንሽ ጊዜ ያዘ፤ ከዚያ ለቀቀ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ "የሰው ልጅ ዱዓ ላይ እያለ ያጠፋል ነው የምትይው?" አለ።

"ከዱዓው በፊት ነው" አልኩ።

ሸህ ነስሩ ወደ አጎቴ ዞሩ። "ከድር፣ ልጅቷ የምትለው እውነት ነው?"

አጎቴ ምንጣፉን እያየ "ሸሁ፣ እኔ መኪናዬን አቁሜ ነው የወረድኩት። አላህ ያውቃል" አለ።

ሁሉም ወደ እማ ዞረ። እሷ አንድ ቃል ብትናገር ያበቃ ነበር፤ ሲወርድ ከኋላው ተቀምጣ አይታዋለች። እማ እግሯ የተኛበትን ትራስ ስታስተካክል ቆየችና "ሂክሚ" አለችኝ። "በይው ልጄ።"

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። "እማ?"

"በይው።"

ጎንበስ ብዬ "አፉ በለኝ አጎቴ" አልኩት።

አጎቴ እጁን ጭንቅላቴ ላይ አደረገና ሽማግሌዎቹ በሚሰሙት ድምፅ "አፉ ብዬሻለሁ" አለኝ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ሻይ ቀረበ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እማ አጠገብ ተቀመጥኩ። "አይተሻል አይደል?" አልኳት።

"አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን?"

"ከድር ይሄን ነገር ቢቀበለው ይሰበራል። ሁለተኛ እዚህ ቤት አይመጣም፤ እኔን ቀና ብሎ ማየት አይችልም። ወንድም የለኝም ከሱ ሌላ።" እጄን ያዘችኝ። "አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።"

እጄን አልነጠቅኋትም። ግን ያን ቀን በእናቴና በእኔ መካከል የተበጠሰውን ነገር እስካሁን መልሼ መቀጠል አልቻልኩም። የበለጠ የምትወደው ሰው ላይ ሳይሆን የበለጠ ይችላል ባለችው ሰው ላይ ጫነችው። እኔም ያን ያህል ዓመት ሰውን ሁሉ ለማስደሰት ስጥር ያተረፍኩት ነገር ቢኖር የሚጫንብኝ ሰው መሆኔን ነው።

አንባቢዎቼ፣ መኪና ያላችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመውረዳችሁ በፊት ማርሹን ማቆሚያው ላይ አድርጉ፤ የእጅ ፍሬኑን፣ በክንድ የሚጎተትም ይሁን በጣት፣ ያዙ፤ መያዙን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ መሪውን አዙራችሁ ጎማውን ወደ መንገዱ ጠርዝ አድርጉ። ዝም ያለ መኪና ሁሉ የቆመ መኪና አይደለም። ቀበቶውን ለማታለል የሰካችሁት ብረት መኪናውን ብቻ ሳይሆን እናንተንም ያታልላችኋል። ትልቅ ሰው ከፊታችሁ ቆሞ ቢጠብቃችሁም ይጠብቅ፤ ሸህ ነስሩ ትንሽ ቢጠብቁ ምንም አይሆኑም ነበር። ከመኪናው ኋላ የቆመ ሰው ካለ ደግሞ፣ ቆሞ ሲጸልይም ቢሆን፣ ከዚያ አንሱት።

መኪና ለሌላችሁ፣ እንደኔ ከጎን ለምትቀመጡም የምለው አለኝ። አደጋ ስታዩ ጩኹ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ የሚያደርግ ሰው ይኖራል፤ ከሱ በላይ ጩኹ።

እማ አሁን በምርኩዝ ትሄዳለች። ገበያ መዋሏን ትታ ቅመሙን እቤት ታዘጋጃለች። አጎቴ በየወሩ ይመጣል፤ ሲመጣ አጠገቧ ተቀምጦ ያስቃታል፤ እሷም ትስቃለች። እኔ ወልቂጤ ሆኜ በስልክ ሲሳሳቁ እሰማቸዋለሁ። ወንድሟን አላጣችም፤ የፈለገችውን አግኝታለች። ባለፈው ሳምንት ስልኩን ተቀብሎ "እንዴት ነሽ ኢንጂነር?" ሲለኝ መልስ አልሰጠሁትም። ደጋግሞ "ሂክማ? ሂክማ?" አለ። ሰው ጠይቆኝ ሳልመልስ ስቀር በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ኔትወርክ የጠፋ መስሎት ዘጋው።

በመንደሩ ሰው አፍ መኪናውን የነካሁት እስከ ዛሬ እኔ ነኝ።